ፈረስ ቀላቢዎች

በካልኪስ ከተማ፣ ከጠባቡ ባሕር፣
ውሃው ሐሳብ አጥቶ ሲዋልል ከሚያድር፣
ጌቶቻችን ሁሉ ስማቸው አንድ ነበር፤
«ፈረስ ቀላቢዎች» ተብለው ሲጠሩ
እኔ ቲቢዮስ ግን ገብስ አዝዬ ከበሩ።

የማን እጅ ነው አልኩኝ፣ ድርቆሽ የሚሸተው?
የማንስ ትከሻ፣ ፈረስ የነከሰው?
የማን ስም ነው ደግሞ፣ ከደጅ የተጻፈው?

ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ውሃ ይዤ ስመጣ፣
ማንኮራፋታቸው ከግንቡ ሲወጣ፣
ፈረሶቹ ያውቃሉ፤ ጆሯቸው ይቆማል፣
ኮቴዬን ሲሰማ ነጩም ያሽካካል።

«ምርጦች ነን» ይላሉ፤ «ምርጥ ይገዛል» አሉ።
ታዲያ መራጮቹ በዚያን ቀን የት ዋሉ?
ምስር እንኳ ሲመረጥ ድንጋይ ይወጣዋል፣
ሰው ራሱን ሲመርጥ ግን ማን ጠጠር ያገኛል?

«ባላባት ነን» አሉ፣ «ከጥሩ አባት መጣን።»
እኛስ ከድንጋይ ነን፣ ከጉቶ የወጣን?
አባት አለኝ እኔም፣ በግራ የሚያነክስ፣
ጉልበቱን የሰጠ ለጌታ ሰው ፈረስ።
ዘር ልቁጠር ብል እኔ ሦስት ላይ ያልቅብኛል፤
የሱ ግን አሥር ዘልቆ አምላክ ጋ ይደርሳል።
አምላኩን ማን አየው? ደርዳሪው ነው ያለው፣
እሱም ዐይነ ስውር፣ ወይን የተከፈለው።

«ከጥሩ ድንጉላ ጥሩ ውርንጭላ!»
ይላል እግር ዘርግቶ ወይራውን ሲበላ።
እኔ ግን ሳዋልድ በክረምት ሌሊቶች
ስንቱን አይቻለሁ በነዚህ ሁለት ዐይኖች፦
ከስመ ጥሩው አባት እግሩ የተጣመመ፣
ካባት የለሽ ባዝራ ንፋስ የቀደመ።
ዘሩን ተወውና ድርቆሹን ጠይቀው፣
በመጀመሪያው ብርድ ማን ነው ያሟሟቀው።

አያቴ ሲነግረኝ ጠፍር እየላጠ፣
አንድ ዓመት ነበረ ዝናብ ያቋረጠ፤
ሌላንቶስ ሜዳ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ፣
ሰው ዘሩን ጨርሶ የዛፍ ቅርፊት ፍቆ፤
አንዱ ጎረቤት ግን ገብስ ነበረውና
ይለውጥ ጀመረ ማሳን ባንድ ቁና።
በማግሥቱ ዓመት ፈረስ ገዛ ከሩቅ፤
ሽቅብ እያዩት ነው ድንክ እንኳ የሚልቅ።
ጦር በመጣ ጊዜ ባለፈረስ ቀደመ፣
እግረኛው አሸንፎ ፈረሱ ተሸለመ።
ልጁ ገብስ አላለም፣ የልጅ ልጁም ረሳ፤
ቁናው ሲሰበር ነው አምላኩ የተነሳ።

አያቴ ዋሾ ነው፣ ዓሣውን ያገዝፋል፤
ይህን ሲያወራ ግን እጁ ጸጥ ይላል።

ታዲያ በመከሩ፣ በወይን ጭመቃው ወራት
ጌታዬ ኤውፎርቦስ እንግዳ ጠራ ለራት።
ከቆሮንቶስ መጥቶ አንዱ ቀልደኛ ሰው
«ስምህ ቀላቢ ነው፣ በል እስቲ ቀልበው!»
ብሎ ሳቀ ጮክ ብሎ፤ ሁሉም ሳቀ አብሮ።
ኤውፎርቦስ ተነሳ ጽዋውን ወርውሮ።

ነጩ ፈረስ ወጣ፣ ችቦ ተበራለት፤
ጌታው ገብስ ዘገነ፣ ቀለበት ባለበት፣
ባልሻከረው እጁ። ፈረሱ አሸተተ፣
አንገቱን አዞረ፣ ወደኔ ጎተተ።
«ዘር ከልጓም ይስባል» ይል ነበር ጌታዬ፤
ያን ሌሊት ግን ሳበ ላብ ያለው ገላዬ።

ሳቁ ሊፈነዳ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው
ፊቱን በችቦ አየሁ፤ ፈርቷል ያ ትልቅ ሰው።
ለምን እንዳረግሁት እስካሁን አላውቅም፣
ፍርሃት አይደለም ያ፣ ፍቅርም አይደለም፤
ምላሴን ከላንቃ አጋጨሁ ቀስ ብዬ፣
«ጭ» አልኩት አንዴ ብቻ፣ ጥላ ተከልዬ።
ፈረሱ አጎነበሰ፣ ከጌታዬ እጅ በላ፤
«ደም ያውቃል!» እያሉ ቀዱ ዋንጫ ሌላ።

ማን ጌታ አደረገው? ገብሱ ነው? ደርዳሪው?
ወይስ ያ «ጭ» ይሆን፣ ሰው ልብ ያላለው?

ከድንጋዩ ወለል የረገፈውን ገብስ
አንድ ባንድ ለቀምኩት እስኪነጋ ድረስ።
ከመሃሉ አንዲት ጠጠር አገኘሁኝ፤
ባሕር ልጥላት ብል፣ እጄ እምቢ አለኝ።